ጋሽ ዱካሌ የጨመሯት መጨረሻ

ያን ዕለት ጠዋት ዲላ፣ ፍርድ ቤት፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ከንፈሬ ሳላዘው ይንቀሳቀስ ነበር... ዳኛው ፊት ቆመው የሚናገሩት ጋሽ ዱካሌ ናቸው። የሚናገሩት ግን እኔ የጻፍኩትን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዲላ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ቴአትር ነፍሴ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ቡና ሲደርስ ለቀማ ይሄዱብኛል። በአምስት ሰው የጀመርኩት ልምምድ ሦስት ይሆናል፣ ሁለት ይሆናል... በመጨረሻ ተናድጄ ለአንድ ሰው ብቻ ጻፍኩ። ያም ሰው እኔው ሆንኩ። ቢያንስ እኔ ለቀማ አልሄድም!

አንድ ጭሰኛ ዳኛ ፊት ቆሞ «ከመሬቴ አትንቀሉኝ» እያለ የሚከራከርበት አጭር ጨዋታ ነበር። የምለብሰውን ቡልኮ ያዋሱኝ የተማሪዬ አባት ጋሽ ዱካሌ ናቸው፤ የኮንጋ መንደር ገበሬ።

ዳይሬክተራችን ድርሰቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በወላጆች ቀን ከፊት የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? ባለርስቶቹና ዳኛው ናቸው። ሰውዬህ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ።»

ምን ላድርግ፣ የእንጀራ ነገር ነው... ጻፍኩት። ሰውዬው ተንበርክኮ «ጌታዬ ሆይ፣ ተሳስቻለሁ። መሬቱም የእርስዎ፣ እኔም የእርስዎ ነኝ» እንዲል አደረግኩ።

ቀኑ ደርሶ ስጫወት የፊተኛው ረድፍ ጭጭ ብሎ ቆየ። ስንበረከክ ግን ዳኛው ራሳቸው ቀድመው አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከተላቸው። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጋሽ ዱካሌ ግን ከኋላ ቆመው ዓይናቸውን ከዳኛው እጅ ላይ አልነቀሉም።

በሳምንቱ ቤቴ መጡ። ለካ እሳቸውንም ባለርስቱ «ልቀቅ» ብሎ ከሷቸዋል። መሬት ሲለካ የአባታቸው ቡናና እንሰት፣ ከአባታቸው መቃብር ጋር፣ በባለርስቱ ስም ገብቷል።

«አስተርጓሚው ነው ችግር፣ መምህር» አሉኝ በተሰባበረች የገበያ አማርኛቸው። «እኔ በቋንቋዬ አሥር ስናገር እሱ ለዳኛው ሁለት ይናገራል። ቀሪዋን የት ነው የሚያደርጋት?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ?»

«ያንተን ያችን ንግግር አስተምረኝ። ራሴ በአማርኛ እናገራለሁ።»

ለእሳቸው እንዲሆን አስተካከልኩት። ኮንጋን አስገባሁ፣ የአባታቸውን መቃብር አስገባሁ። በየገበያው ቀን ሲመጡ ከክፍሉ ጀርባ እንለማመዳለን። የግማሹን ቃል ትርጉም አያውቁትም፤ እየጠየቁ ይይዛሉ። ዳኛ ፊት እጅ የት እንደሚደረግ ሳይቀር ጠየቁኝ። ተማሪዎቼ በወር ያልያዙትን እሳቸው በሦስት ገበያ ያዙት።

መጨረሻዋን ብቻ አላስተማርኳቸውም። «ፍርድ እሻለሁ ብለው ያብቁ» አልኳቸው። «ሌላ አለ አይደል?» ሲሉኝ «እሱ ይቅር» ብዬ አለፍኩት። ለምን እንደሚቀር አልነገርኳቸውም። ፈርቼ የጻፍኩት ነው ማለት አሳፍሮኝ...

ቀጠሮው ደረሰ። ጋሽ ዱካሌ ቡልኳቸውን አጣፍተው ቆሙ። አስተርጓሚው ሲነሳ «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ አለሁ» አሉት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጀመሩ... ሳቁም ቆመ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ።

«...አባቴ የተቀበረው ከእንሰቱ አጠገብ ነው። እኔ ብለቅ፣ እሱን ወዴት ልውሰደው? ፍርድ እሻለሁ።»

አበቁ። እኔም እፎይ አልኩ። ያሸነፍን ነበር የመሰለኝ።

ዞር ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ። ከዚያ... ተንበረከኩ።

«ጌታዬ ሆይ፣ ተሳስቻለሁ። መሬቱም የእርስዎ፣ እኔም የእርስዎ ነኝ።»

ቀና ብለውም የዳኛውን እጅ ይጠብቁ ጀመር።

«ጸሐፊ» አሉ ዳኛው፣ «ተከሳሹ በገዛ አንደበቱ አምኗል ብለህ ጻፍ።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ጌታዬ፣ ይቺኛዋ የቴአትሩ ናት! የእሳቸው ቃል አይደለችም!»

«አውቃለሁ፣ መምህር» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተቀመጥ።»

በረንዳው ላይ ስንወጣ ጋሽ ዱካሌ ገና አልገባቸውም ነበር።

«መምህር፣ ዳኛው ዛሬ ለምን አላጨበጨበም?» አሉኝ። «አንተ የተውካትን እኮ ነው የጨመርኳት፤ ከአዳራሹ እንደሰማኋት ይዣት ነበር። ያን ቀን ሰውዬው የወደዳት እሷን ነበር።»

ነገርኳቸው። ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች፣ ማን እንዳስጻፈኝ፣ ለምን እንደደበቅኳቸው... ሁሉንም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔ ብትነግረኝ» አሉ።

ይግባኝ ጻፍኩላቸው፤ «በፈቃዱ አምኗል» ተብሎ ተመለሰ። መሬቱን ለቀቁ። ልጃቸውም ከክፍሌ ቀረ። ቆይቶ፣ ገደብ የሚባል አገር ሄደው የሰው ቡና ይለቅማሉ ሲባል ሰማሁ። መኪናው በየቀኑ ወደዚያ ይሄዳል... አንድም ቀን ሄጄ አላየኋቸውም። በምን ዓይኔ?

ከዚያ ወዲህ ስንት ተዋናይ አየሁ... ድርሰቴን አንዲት ቃል ሳይጥሉ እስከ መጨረሻዋ የተጫወቱልኝ ግን ጋሽ ዱካሌ ብቻ ናቸው።