ጆሯቸው የተቆረጠ ውሾች

በሰፈሩ ትልቁም ትንሹም «ዶክተር ውሻ» ነበር የሚላት። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይላት ነበር፤ በኋላ ግን ለምዳው ራሷም ስልክ ስታነሳ «አዎ፣ የውሻ ዶክተሯ ነኝ» ማለት ጀመረች። በማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ክሊኒክ የተቀጠረችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው፤ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወገቧም ጎንበስ ባለች ቁጥር ይይዛታል። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ውስጥ እግሩ የሚወላገድ የብረት ጠረጴዛ አለ፣ ሌላው ውስጥ አሮጌ ማቀዝቀዣ። የክሊኒኩ መብራት ሲጠፋ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ባሏ ፍሪጁን ከፍቶ ከወተቱ ጎን ብልቃጦቹን ሲያይ፣ «እንግዲህ የቀረሽ ውሾቹን ራሳቸውን እራት መጋበዝ ነው» ይላታል።

ጠዋት ጠዋት የክሊኒኩ በር ላይ ካርቶን ተቀምጦ ይጠብቃታል። ውስጡ ዓይናቸውን ያልገለጡ ቡችሎች ይርመሰመሳሉ። ሰው ቡችሎቹን መግደል ይከብደዋል፣ ማሳደጉም አይሆንለትም፤ ስለዚህ ኃጢአቱን እሷ ደጅ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። የአብዛኞቹን እናት በመልክ ታውቃታለች፤ ደረቷ ነጭ የሆነ ቡናማ ውሻ ናት፣ የባለሉካንዳው። ሰውየው ለውሻው ነፍሱን ይሰጣል፤ «እናምክናት» ሲባል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

«ዶክተርዬ፣ ወላድነቷን ነጥቄ ምን ልሆን? እግዜር አይወደውም።»

«ልጆቿን እኔ በር ላይ መጣሉንስ ይወደዋል?»

«ኧረ እኔ አልጣልኩም! ሚስቴ ናት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሲኖር አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባቷን ተነከሰች። ቶሎ መርፌ ስለተወጋች ተረፈች፤ ሰፈሩ ግን ቱግ አለ። ስብሰባ ተጠራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ፣ መነጽራቸውን አውልቀው «መርዝ ነው መፍትሔው» አሉ።

እሷም ተነሳች። «ብትገድሏቸው እኮ ቦታው ባዶ አይቀርም» አለች። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ይመጣሉ፤ እነሱን ደግሞ ማንም አልከተባቸውም። እነዚህን ከትቤ ካመከንኳቸው ግን አይበዙም፣ ሌላም ውሻ አያስገቡም።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ለሰው መድኃኒት በጠፋበት ለውሻ ቀዶ ጥገና!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የገዛ እናቷን የደም ግፊት ክኒን ፍለጋ ባለፈው ሳምንት ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትንከራተት ነበር የሰነበተችው። ሆኖም ሳትቀመጥ እንደቆመች ቀረች። ሰብሳቢው መቆሟ አሳዝኗቸው ይሁን አሰልችቷቸው፣ «ይሁን፤ ዝናብ እስኪጀምር ድረስ እንይሽ» አሉ።

መሥሪያ ቤቷን ማደንዘዣ ብትጠይቅ በጀት የለም ተባለች። የግል ክሊኒክ ያለው የድሮ የክፍል ጓደኛዋን ለምና ጥቂት አገኘች። ከክሊኒኩ ዘበኛ ጋር መረብ ይዘው በየቦዩ ሲሯሯጡ ይውላሉ። የተከተበና የመከነ ውሻ እንዲታወቅ ገና ከሰመመኑ ሳይነቃ የግራ ጆሮውን ጫፍ በትንሹ ትቆርጣለች። ቤቷ ስትገባ እጇ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ባሏ ወገቧን ያሽላታል።

አንድ ቀን ባለሉካንዳው ቡናማዋን ውሻ በሽርጡ አቅፎ እየሮጠ መጣ። ቡችላ ማህፀኗ በር ላይ ተቀርቅሮ ምጥ ይዟት ቆይቷል። ሰውየው ላቡ ይንጠባጠባል።

«ሆዷን ልከፍተው ነው» አለችው ጓንቷን እያጠለቀች። «እግረ መንገዴን ላምክናት? ዳግም ብታረግዝ አትተርፍም።»

«የፈለግሽውን አድርጊ፤ ብቻ እንዳትሞትብኝ!»

ቡችሎቹ ሞተው ወጡ፤ እናቲቱ ተረፈች። ስፌቷ እስኪደርቅ ክሊኒክ ትቆይ ተባለ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ዘበኛው መንገድ ላይ ጠበቃት። «ዶክተር፣ ዛሬ በታች በኩል ባይሄዱ ይሻላል» አላት። ሄደች። ውሾቹ ቦዩን ይዘው ተጋድመዋል፤ አፋቸው አረፋ ደፍቋል። እየዞረች ጆሯቸውን አየች። አብዛኞቹ የሷ ናቸው። የቆሻሻ ሠራተኞቹ እግራቸውን ይዘው ወደ መኪናው ሲወረውሯቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀችው ራሷም አላወቀችም።

ሰብሳቢው፣ «እኔ አላዘዝኩም፤ ወላጆች ታክቷቸው ነው» አሉ። ባለሉካንዳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«መርዙን ያደረጉበትን ስጋ ከእኔ ነው የገዙት» አለ። «ርጋፊውን ጠቅልዬ፣ መርቄ ሰጠኋቸው። ለቤታቸው ውሻ መስሎኝ...» ውሻዋ ጅራቷን እየቆላች እጁን ላሰችው። ዶክተሯ ሻይ ቀዳችለት።

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሳያባራ ከወንዙ ማዶ ሌሎች መጡ። ከሲታዎች፣ ደንባራዎች፣ ሰው የማያውቁ። አንዱ በአጥር ገብቶ የሰብሳቢውን የገዛ ውሻ ነከሰው። ሰብሳቢው ከሳምንታት በኋላ ሲያመጡት እግሩን መጎተት፣ ለሃጩን ማዝረክረክ ጀምሮ ነበር።

«አላስከተቡትም?»

«ከግቢ የማይወጣ ውሻ ምን ክትባት ያሻዋል ብዬ...»

የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እሱን ማዳን አይቻልም፤ መርፌውን ወግታ አሳረፈችው። ቤተሰቡን በሙሉ ለመርፌ ወደ ሆስፒታል ላከች። በሰብሳቢው ልትደሰትባቸው ትችል ነበር፤ ለደስታ የሚሆን ጉልበት ግን አልነበራትም። በዚያ ላይ ሽማግሌው ባዶ ማሰሪያውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ሲቆሙ አንጀቷን በሉት።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሏት።

«እንደገና መጀመር ነው፣ ጋሼ።»

«አይሰለችሽም?»

«ሰልችቶኛል» አለች።

ሰብሳቢው በኮሚቴው ስም ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከቱ፤ ማደንዘዣው ግን ከተጠየቀው ግማሹ ብቻ መጣ። ባለሉካንዳው ማባበያ አጥንት ተሸከመ፣ ዘበኛው መረቡን፣ እሷ ሳጥኗን። ወንዙ ዳር አንድ ግራጫ ውሻ አጥንቱን በሩቁ አሽትቶ አፈገፈገ።

«ገና አላመነንም» አለ ባለሉካንዳው።

«እኔም ብሆን አላምንም» አለችና እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።