ጫካውን የማያውቀው ካርታ

መምህር ኤልሳዕ ከዳሞታ ተራራ ሁምቦ ድረስ ለተጓዦች የሚሆን የሦስት ቀን የእግር ጉዞ መንገድ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ሲያሰምር የቸገረው ሦስተኛው ቀን ነበር። በቆላው ሙቀት ተጓዡ ከቀትር በፊት ውሃ ማግኘት አለበት፤ መንገዱ ላይ ያለውን ኮረብታ ዞሮ ከሄደ ግን ከኮረብታው ማዶ ያለው ምንጭ ጋ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። በሳተላይት ምስሉ ኮረብታው ባዶ ስለሆነ መሃሉን አቋርጦ አሰመረ።

በ2005 ዓ.ም. ጂፒኤስ ይዞ ሊያረጋግጥ ሲሄድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ጠበቀው። ምስሉ የተነሳው ዛፎቹ ሳያድጉ ነበር። የደኑ ጠባቂ አቶ ሶርሳ ካርታውን አይተው ሳቁ።

«መምህር፣ ይሄ እኮ የድሮው ኮረብታ ነው። አሁን ተከልሏል፤ አይታለፍም።»

ኤልሳዕ የጉዞው ሐሳብ እዚያው ያበቃ መሰለው። «እርስዎስ በየት ነው የሚዞሩት?» አላቸው።

«እኔማ የራሴ መንገድ አለኝ። ይከተሉኝ፤ ቅርንጫፍ እንዳይሰብሩ ብቻ።»

ያቺ ቀጭን መንገድ በዛፎቹ ስለተሸፈነች ከሰማይ አትታይም። ደስ የሚለው ግን ጂፒኤሱ እርምጃቸውን ተከትሎ ነጥብ በነጥብ መዘገባት። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ገና አምስት ሰዓት ነበር። ኤልሳዕ ጠጥቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

ደኑን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ኮሚቴም ተጓዦች ከጠባቂ ጋር እንዲያልፉ ፈቀደ። አሁን ክረምት ገብቷል፤ ኤልሳዕ የትኞቹ ጅረቶች ሞልተው እንደማይታለፉ ለማወቅ ያንኑ መንገድ በዝናብ እንደገና እየመዘገበ ነው።