በአባቴ ለምድ የሳቁበት ሥዕል

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። እርጅና ንዴትን ያበርዳል ይላሉ። ድንቄም! እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ሞቱንም ገና አልሰማንም ነበር። ወታደሮቹ ጠመንጃ ፍለጋ ጋፋት ያለውን ቤታችንን ሲበረብሩ፣ ለክብር ቀን ብቻ የሚለብሰውን ለምድና የአንበሳ ጎፈሩን አገኙ። ጠመንጃ ሲያጡ ልብሱን ይዘው ሄዱ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች፤ ማን ሰምቷት!

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ግድግዳ ላይ የታተመ ሥዕል ተለጥፎ አየሁ። ለምድና ጎፈር የለበሰ፣ ጉንጩ ያበጠ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጃንጥላ የተያዘለት ሰው ነው። ዳር ላይ ፈረንጆች ቆመው ይስቃሉ። የለምዱን ትከሻ እናቴ በቀይ ሐር ጠግናው ነበር፤ ሥዕሉ ላይም ቀዩ ይታያል። የአባቴ ለምድ ነው!

ምጽዋ ሲነግዱ ቋንቋውን የለመዱትን ሐጂ ሰይድን ጠየቅኋቸው። ወዲያ ወዲህ አይተው፣ «ወታደሮቹ ቴአትር ይጫወታሉ፤ ይህ መጥሪያው ነው። 'የድሮ መኳንንት አለባበስ፤ ኑና ሳቁ' ይላል። ለእናትሽ አትንገሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ግን ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?

ብዙም ሳይቆይ የአባቴ መርዶ መጣ። በአገራችን አስከሬን ከሌለ በምትኩ ልብሱ ይወጣል፤ በበቅሎው ላይ ተደርጎ በልቅሶው ሜዳ ይዞራል። እኛ የምናወጣው ልብስ አልነበረንም። እናቴ ከሞቱ እኩል ያቃጠላት ይኸው ነበር። «ባዶ በቅሎ ላዙርለት?» እያለች ደረቷን ትመታለች።

በልቅሶው ቀን አጎቴ ያንን ሥዕል በነጠላው ጠቅልሎ ይዞ ከተፍ አለ። ከገበያው ግድግዳ ልጦት ነው። «ለምዱን ቢወስዱም ሠዓሊው ክብሩን አውቆ ሥሎታል!» አለ። የፈረንጅ ጽሕፈት አያነብ፤ ምን ይፈረድበታል? በእኛ ዘንድ የሚሣለው ቅዱስና ንጉሥ ነው። ጃንጥላውም የክብር ነው። እናቴ ሥዕሉን ስማ ኮርቻው ላይ አሰረችው። እኔ የሐጂን ቃል ውጬ በቅሎዋን ተከተልኩ። አስለቃሿ ጀመረች፤ አገሩ ሁሉ እዚያ ወረቀት ፊት ተንሰቀሰቀ።

በዚህ መሃል ሁለት ነጮችና የአገራችን ሰው የሆነ አስተርጓሚያቸው በመንገዱ መጡ። ሥዕሉን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። ልቅሶ ላይ! ውሻ እንኳ ልቅሶ ላይ ዝም ይላል።

እናቴ በቅሎዋን አቆመች። «ምን አገኙ?» አለችው አስተርጓሚውን።

«እመይቴ፣ ይህ እኮ ማላገጫ ነው። በባልዎ ልብስ ሊስቁበት የሣሉት ነው» አላት፤ ፈገግ ብሎ።

 እናቴ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም? የእኔ ጌታ ፊት ለፊት ነው የተሣለው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። እነዚህ የሚስቁት በጎን ናቸው፤ አንዳንድ ዓይን ነው ያላቸው። በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አባቶችን ጠይቅ» አለችና በቅሎዋን መራች። ልቅሶው እንደገና ቀለጠ። ሰይጣንና አይሁድ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ማን የማያውቅ አለ? አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የእናቴን መልስ አገሬው እስከ ዛሬ ያወራዋል። «እንዴት አድርጋ አፉን አስያዘችው!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አስይዛዋለች። እኔ ግን አልተጽናናሁም።

አባቴ ቀጭን፣ ፊተ ረጅም ሰው ነበር። ሠዓሊው አይቶት አያውቅም። ሌላ ምስልም የለንም። እናቴ ያንን ወረቀት እስክትሞት ድረስ ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ አላነሳችውም፤ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ያየሁት እሱን ነው። አሁን አባቴን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ያበጠ ጉንጭ ነው። ለምዱንስ ይውሰዱት፤ ጨርቅ ነው። የአባቴን ፊት ስለወሰዱብኝ ግን ይቅር አልላቸውም።