የተሸነፈ ይነሳል

ልጅ እያለሁ «አይዞህ» ሲሉኝ አልወድም ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ የግራ እጄ ጣቶች እንደታጠፉ ናቸው፤ አይታዘዙኝም። ስለዚህ አይዞህ የማይለኝ ሰው አልነበረም። እኛ ሰፈር፣ አቦከር፣ የጋሽ ተፈራ ጌም ቤት ሲከፈት ከዚያ ቃል የማመልጥ መስሎኝ ነበር። ጠባብ ክፍል ናት፤ አግዳሚው ላይ ተጣበን ስንቀመጥ የላብና የካልሲ ሽታ ያፍናል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ጆይስቲኩን ለተረኛ ያስረክባል።

ችግሩ ጆይስቲክ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጌሙ እግር ኳስ ነው፤ በቀኜ ኳሷን እመታለሁ፣ ተጫዋቹን የሚያስሮጠው ግን የግራ አውራ ጣት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ልጅ በግራ በኩል እየያዘልኝ ለሁለት እንጫወት ነበር። እንደዚያ አሸንፌ ምን ደስ ይለኛል?

እህቴ አስቴር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ተደብቄ ሳለቅስ አገኘችኝና ከጋሽ ተፈራ አንድ ያረጀ ጆይስቲክ ለምና አመጣች። የቅባት ዕቃ ክዳን ውስጡን በሸበጥ ሶል ለበጠችና የግራ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ በማስቲሽ ለጠፈችው። ጣቶቼን ክዳኑ ውስጥ ከትቼ በክንዴ መግፋት ብቻ ነው። ጆይስቲኩ እንዳይንሸራተትም ከጎማ ማሰሪያ ሰፍታ ጭኔ ላይ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«አስቱ፣ አጠበቅሽው እኮ!» ስላት፣ «ኳስ ልትጫወት ነው ልትጨፍር?» አለችኝ።

ሠራ። እኔም ማሸነፍ ጀመርኩ። ግን ብዙም ሳይቆይ ገባኝ። ልጆቹ እየተጠቃቀሱ ኳስ ይለቁልኛል፣ ጎሉን ባዶ ይተዉልኛል። ተሳስተው ቢያሸንፉኝ እንኳ «አንተ ተቀመጥ፣ አይዞህ» ይሉኛል። የተሸነፈ በሚነሳበት ቤት የማልነሳው እኔ ብቻ ሆንኩ። ለእናቴ ስነግራት «ፍቅር ነው እኮ፣ ምን ያስቆጣሃል?» አለችኝ። እኔን ግን አንገበገበኝ።

አንድ ቅዳሜ ጀማል መጣ። አባቱ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይነግዳሉ፤ እሱም እያገዛቸው ውሎ ስለሚመጣ ልብሱ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ተጫወትን፤ ጎል በጎል አደረገኝ። ባገባ ቁጥር ይጨፍራል። ልጆቹ «ቀስ በል እንጂ» እያሉ ቢጎሽሙት ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ጨዋታው ሲያልቅ ዞሮ አየኝ።

«አቦ ተነስ! ወላሂ ምን ይጎልትሃል፣ ሰው እየጠበቀ?»

ደስታዬን አልችለውም። ማሰሪያውን ረስቼ ዘልዬ ብነሳ የጆይስቲኩ ገመድ ተጎተተና የጌሙ ማሽን ከጠረጴዛው ላይ ዱብ! ጋሽ ተፈራ «አንተ ዕውር፣ ዓይንህ የት ነው!» እያሉ ማሰሪያውን ፈተው፣ እንደማንኛውም ልጅ ጆሮዬን ይዘው አስወጡኝ። እስከ ቤቴ እየሳቅሁ ሮጥኩ።

አሁን ልጆች በየስልካቸው ለየብቻ ነው የሚጫወቱት። ጀማልም ድሬዳዋ ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔ ሥራ ውዬ፣ ማታ ማታ ሸዋ በር ላይ ተጋፍቼ ታክሲ ውስጥ በትርፍ እገባለሁ። ይሄኔ እጄን ያየ አንድ ወጣት ብድግ ይልልኛል። ድሮ ቢሆን እጣላው ነበር። አሁን ደክሞኛል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እቀመጣለሁ።