የእድሩ አሮጌ መዝገብ

የሺ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። የቀጨኔው እድራቸው የሰነድ ሳጥን ቁልፍ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንገቷ ላይ ኖሯል። የወረደው አንዴ ብቻ ነው፤ ባለፈው ክረምት ሆስፒታል የተኛች ጊዜ።

የታሪክ ተማሪዎች ለጥናታቸው ሲመጡ፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳኑንና አግዳሚውን ገፋ አድርጋ ቦታ ታበጅላቸዋለች። እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች። "መጀመሪያ የጻፈውን ሰው እወቁ። መቼ ጻፈው? ማንን ፈርቶ? የተሰረዘውንም አንብቡ፤ እንዲሁ አይሰረዝም" ትላቸዋለች። ይህን ያስተማራት የለም፤ ሲያነቡ እያየች የለመደችው ነው።

ርሆቦት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ልትጽፍ ስትመጣ፣ የሺ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም እናቷ በእድሩ ስብሰባ መሀል ተነሥታ፣ ለሸክላ ሠሪም ሬሳ ድንኳን ይተከል ብላ ተሟግታ ነበር። የያኔው ጸሐፊ ንግግሯን ቃል በቃል፣ ገጽ ሙሉ አስፍሮ ከሥሩ በአውራ ጣቷ አስፈርሟታል። ከእናቷ የቀረው ያ ገጽ ነው። ፎቶ እንኳ የላትም።

"ገጹን ፎቶ ያነሣው ተማሪ የለም፣ እትዬ?" አለች ርሆቦት።

"እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ ብለሽ፣ ልጄ።"

ሳጥኑን ከፈተች፤ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ገና መክፈቷ ነው። አሮጌው መዝገብ የለም። በቦታው ላስቲክ የለበሰ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ነጭ ጥራዝ ተቀምጧል።

ሁለቱም የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ መሸሻ ደጅ ሄዱ።

"አየሽው? አማረ አይደል?" አላት። "ብል ሲጨርሰው ጊዜ አስገለበጥኩት። እኔንም እንዲህ የሚያድሰኝ ባገኘሁ!"

"አሮጌውስ?"

"ስመ እግዚአብሔር ያለበት ወረቀት ለሱቅ መጠቅለያ አይሰጥ። አቃጠልኩት።"

"የእናቴ ገጽ?"

"አለ እኮ! 'ስለ ድንኳን ውይይት ተደርጎ በስምምነት ተጠናቀቀ' ይላል። የሙታን ጠብ ምን ያደርግልሻል? ነውር ነው። ደግሞ ቁልፉን ስትሰጪኝ 'ጋሼ፣ ሰነዱን አደራ፣ አስተካክሉልኝ' ያልሽው ራስሽ ነሽ።"

አላልኩም ማለት አልቻለችም። ብላለች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ርሆቦት ስልኳን አወጣች። "እርስዎ ይንገሩኝ፣ ልቅረጽዎት። የልጅ ምስክርነትም ምንጭ ነው።"

የሺ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የእናቷ ነጠላ መጣላት። ጭቃ የደረቀበት ጥፍሯ መጣላት። ቃሏ ግን አልመጣም። ያን ገጽ ስንቴ ብቻዋን ቁጭ ብላ አንብባዋለች፤ በቃሌ ልያዘው ብላ ግን አንድ ቀን አላሰበችም።

"ቀስ ይበሉ፣ እትዬ። ያስታወሱትን ያህል።"

"አጥፊው፣ ልጄ። መዝገቡ ይዞልኛል ብዬ እኔ አልያዝኩትም። አሁን ብናገር የመሰለኝን ነው። የመሰለውንማ ጋሽ መሸሻም ጽፎታል።"