ጨው ያልገባበት ከል

በኮሮናው ጊዜ፣ እንቅስቃሴ በታገደባቸው ቀናት፣ የባለቤቴ ወንድም ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ ሞተ። እኛ እዚያው አገር፣ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ነበርን፤ ቀብሩ ላይ መገኘት አልተፈቀደልንም። ባለቤቴ ከሱቃችን ጀርባ ነጠላዋን ጥቁር ቀለም ልትነክር ድስት ጣደች። የፈላው ቀለም ሽታ ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ዘምቶ ቀረ። ሲሞት ያየው ሰው የለም። የዘማች ቤተሰቦችን ጉዳይ ቀበሌ ድረስ እየሄዱ የሚያስፈጽሙልን ጋሼ ደምሴ፣ ራሳቸውም እግራቸውን ጦር ሜዳ ያጡ ሰው፣ አንድ ቀን እናቴን ተቆጧት።

«እህቴ፣ ጥቁር ሳትለብሺ ሞቷል ብትይ ማን ያምንሻል? ጡረታው ካልተፈቀደ እነዚህን ልጆች በምን ልታሳድጊያቸው ነው?»

እናቴ በማግስቱ ነጠላዋን ከል ስትነክር ጎረቤታችን ጨው ይዛ መጣች።

«ጨምሪበት እንጂ፤ ይለቅብሻል።»

«ይልቀቅ። ሲመጣ አጥበዋለሁ።»

«አባባ ሞተ እንዴ?» አልኳት።

«ለቀበሌው ነው የሞተው» አለችኝ። አልገባኝም።

ጡረታው ተፈቀደ፤ በእሱ አደግን። ነጠላው በታጠበ ቁጥር ይለቅ ነበር፤ ጡረታ መቀበያዋ ሲደርስ መልሳ ትነክረዋለች። እስክትሞት ድረስ ጨው አላገባችበትም።

ልጆቼን ውሸት ነውር ነው እያልኩ አሳድጌያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። በእናቴ ላይ የምፈርድበት አንደበት ግን የለኝም።

«እስቲ ጨው አቀብለኝ» አለችኝ ባለቤቴ።

አቀበልኳት። ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።