የአቶ መዝገቡ ጢም ያመጣው መርዶ

አቶ መዝገቡ ጢማቸውን የሚላጩት እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው ሰው ይላጫል፤ እሳቸው ያስተምራሉ። ከላንቻ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ብዙ አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧው በላይ መስታወት ሰቅለው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በካናቴራ ሲቆሙ፣ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ጀሪካኑ እስኪሞላ ተማሪያቸው ነው።

«ጢም እንግዳ ነው» ይላሉ ብሩሻቸውን ኩባያ ውስጥ እያሽከረከሩ። «እንግዳ ገና ከደጅ እንደገባ ሥራ አይታዘዝም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ ፊትህ ላይ አድርግና አሳርፈው፤ ይለሰልሳል። ከዚያ አረፋ! አረፋ ስልህ የቢራ አረፋ አይደለም፤ በደንብ የተመታ የእንቁላል ነጭ የመሰለ። በብሩሹ ስታሸው ፀጉሩ ተነሥቶ ይቆምልሃል።»

«ምላጩስ ጋሼ?»

«ምላጭ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ያዘው እንጂ አትጫነው። ጢምህ ወዴት እንደተኛ በጣትህ ዳስስና ወደተኛበት ላጭ። ሽቅብ የሚላጭ ሰው አንገቱ ላይ ብጉር ያመርታል። ደግሞ በአጭር በአጭሩ፣ ምላጩን ቶሎ ቶሎ እያጠብክ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ይህን ጊዜ ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ማንም ግን አይከራከራቸውም፤ ምስክሩ ፊታቸው ነዋ! ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጉንጫቸው ግን ዝንብ ያንሸራትታል።

ይኸው ፊት ነው ጉድ ያደረጋቸው። አቶ መዝገቡ በዚህ ዕድሜያቸው አንድም ቀን ሽማግሌ ተብለው ተልከው አያውቁም። የሰፈሩ ጎረምሳ ሚስት ሊጠይቅ ባሰበ ቁጥር የሚላኩት አቶ ከተማ ናቸው። አቶ ከተማ ንግግር አይችሉም፤ የጀመሩትን ግማሹን ይረሱታል። ግን ደረታቸው ድረስ የወረደ ሽበታም ጢም አላቸው። አቶ መዝገቡ ወሬውን የሚሰሙት የሠርጉ ካርድ ሲደርሳቸው ነው። ከፍቷቸው ነበር። ሰው ሆኜ አልቆጠርም ወይ እያሉ ብቻቸውን ያጉረመርሙ ነበር።

አንድ ቀን ናኦድ መጣ። ናኦድ የዚያው ግቢ ልጅ ነው፤ ከቧንቧው ሥር መላጨት የተማረ፣ አሁን ባምቢስ በኩል ቤት ተከራይቶ የሚኖር።

«ጋሼ፣ ማለቴ... ጦቢያን ላገባ ነው። ፋዘሯ ግን፣ አቶ አረጋዊ፣ በጣም ሲሪየስ ሰው ናቸው። በቃ፣ ሽማግሌ በመመለስ የታወቁ ናቸው። ከአቶ ከተማና ከአጎቴ ጋር እርስዎም ቢሄዱልኝ ብዬ ነበር። አቶ ከተማ ግን ‹የመዝገቡ ፊት የሚዜ ነው› አሉኝ።»

አቶ መዝገቡ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «ቀኑ መቼ ነው?»

«ከወር በኋላ፣ እሑድ።»

«ይደርሳል» አሉ። ምኑ እንደሚደርስ ግን አልተናገሩም።

በማግስቱ ሊላጩ ቧንቧው ሥር አልቆሙም፤ ጢም ማሳደግ ጀመሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሽምግልና ደግሞ ቀድሞ ከተወራ ይበላሻል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ ከጦቢያ እናት ጋር ማኅበር ስለሚጠጡ፣ ለእሳቸው መንገር ለእነ ጦቢያ ሰፈር፣ ለመላው ኦሎምፒያ መንገር ነው። ስለዚህ «ቆዳዬን ላሳርፈው ነው» አሏቸው።

ጢሙ እንዳሰቡት አልሆነም። አገጫቸው ላይ ነጭ፣ ጉንጫቸው ላይ ግራጫ፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። ያሳክካል። ጠዋት ጠዋት እጃቸው ራሱ ብሩሹን ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ወይዘሮ አምሳለ የሻይ ማንኪያ ባዶ ኩባያ ውስጥ እንደ ብሩሽ ሲያሽከረክሩ አግኝተዋቸው ደነገጡ።

ሰፈሩም አየ። በእኛ አገር ሁልጊዜ የሚላጭ ሰው መላጨቱን ሲያቆም ስለ ቆዳው የሚጠይቀው የለም። ሐዘን ነው፣ አለቀ! መጀመሪያ የደፈረቻቸው የወሎዋ ነፊሳ ናት፤ ባለ ሱቋ፣ የጢም ሳሙናቸውን የምትሸጥላቸው። ስኳር ሊገዙ ሲገቡ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ መዝገቡ፣ አላህ ያጥናዎት።»

እዚህ ላይ «ማንም አልሞተብኝም» ማለት ነበረባቸው። ታዲያ ጢሙ ምንድን ነው ብትላቸውስ? ከሽማግሌነታቸው በፊት ምስጢር አባካኝ ሊባሉ ነው። አንገታቸውን ደፉና «አሜን» አሉ።

ያች «አሜን» ከሱቁ ወጥታ ሰፈሩን አዳረሰች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነውና ሰፈሩም ጨመረበት። እሳቸው ሐዘን ላይ ናቸው፤ ወይዘሮ አምሳለ ግን ይስቃሉ፣ ጥቁርም አልለበሱ። እንግዲያው የሞተው የእሷ ወገን ነው፤ ምስኪኑ ሰውዬ ሊነግራት አቅም አጥቶ ብቻውን ሐዘኑን ይዟል! የአምሳለ ወገን ማን አለ? ደብረ ብርሃን ያለው አንድ ወንድሟ፣ ምንዳዬ። ምስኪን ምንዳዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

የሽምግልናው እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አምሳለ ሲከፍቱ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፣ ነፊሳ በሻሿ አፏን ሸፍናለች፣ ከፊት ደግሞ አቶ ከተማ አሉ፤ መርዶውን ከሽምግልናው በፊት እንገላገለው ብለው። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወይዘሮ አምሳለ እስኪነገራቸው አልጠበቁም።

«ወንድሜን! ወይኔ ምንዳዬን!»

አቶ መዝገቡ ከአልጋቸው ዘለው ወጡ። ሰዉን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ የምንዳዬን ስም ሰሙ። ምንዳዬ ገና ሳይጋቡ ጀምሮ ጓደኛቸው ነው። ደረታቸውን እየደቁ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ አቶ ከተማ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«መቼ ነው የሞተው?»

አቶ ከተማ አፈጠጡባቸው። «አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው?»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ጢማቸውን ተመለከተ።

«አሜን ብለውኝ የለ እንዴ?» አለች ነፊሳ።

ወይዘሮ አምሳለ ስልካቸውን አንሥተው ደብረ ብርሃን ደወሉ። ከብዙ ጥሪ በኋላ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ መጣ። «ሃሎ? በዚህ ሰዓት... ማን ሞተ?»

«አንተ!»

«እኔ?»

ወይዘሮ አምሳለ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንደገና አለቀሱ፤ የአሁኑ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ባላቸው ፊት ቆሙ። አቶ መዝገቡ ማምለጫ አልነበራቸውም።

«ሽማግሌ ለመምሰል ነው» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ለናኦድ... ምስጢር ነው።»

«የጦቢያን ነገር? ከእናቷ ከሰማሁ ሳምንት አልፎኛል! ለዚህ ብለህ ነው ወንድሜን የቀበርከው?» ገብተው የመላጫ ውሃ ጣዱ።

አቶ መዝገቡ ለቀስተኛው ሁሉ እያያቸው ቧንቧው ሥር ቆሙ። እፍረቱ አንገታቸውን አስደፍቷቸዋል። ትኩሱ ፎጣ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ግን ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ ብሩሹን ሲይዙ አንደበታቸውም ተመለሰ።

«የረዘመ ጢም ቀጥታ በምላጭ አይነካም» አሉ መቀሱን አንሥተው። «ምላጩን ይዘጋዋል፣ ይጎትታል፣ ያስለቅሳል። መጀመሪያ አሳጥረው...»

ለመርዶ የመጣ ሰው ቶሎ ተነሥቶ አይሄድም። እስከ መጨረሻው፣ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው ሳይፈትጉ በፎጣ መታ መታ እስኪያደርጉት ድረስ፣ ሁሉም አዳመጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ኦሎምፒያ ደረሱ። አቶ መዝገቡ በሚዜ ፊታቸው ከኋላ ቆሙ፤ ዛሬ ልጁ ከተመለሰ በእኔ ነው ብለው አሰቡ። አቶ አረጋዊ ኮስተር ብለው ተቀበሏቸው፤ አገጫቸው ላይ ደም የነካት ትንሽ ሶፍት ተለጥፋለች።

«ተቀመጡ።»

«ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ አቶ ከተማ እንደ ወጉ። ቀጠሉ፤ የናኦድን አባት ስም ጠሩ፣ አያቱን ጠሩ፣ ከዚያ ጠፋባቸው። የናኦድ አጎት ጣራ ጣራውን ያያል። አቶ አረጋዊ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ‹ለሌላ ቀን ተመለሱ› ሊሉ እንደሆነ ሁሉም ገባው።

አቶ መዝገቡ ዓይናቸውን ከሶፍቷ ላይ መንቀል አልቻሉም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽቅብ ነው የሚላጩት?»

አቶ ከተማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አቶ አረጋዊ አገጫቸውን ያዙ። የአቶ መዝገቡን ጉንጭ፣ ከዚያም አንገታቸውን አስተዋሉ። «እርስዎ አይቆርጥዎትም?»

«ወደተኛበት የሚላጭን ምን ይቆርጠዋል! አገጭ ላይ ቆዳው ይወጠራል፤ አንገት ላይ ደግሞ...»

«አንገቴንማ ዕድሜ ልኬን ነው ያሠቃየኝ! ይቀመጡ እስቲ።»

«ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ አቶ መዝገቡ። ይህን ቃል ለመናገር ስንት ዓመት ጠብቀዋል!

አቶ አረጋዊ ሶፍቷን ከአገጫቸው ላይ ላጥ አደረጓት። «ልጅቷ ፈቅዳለች። ለወጉ ያህል ነበር የምመልሳችሁ። ይሁን፣ ሰጥቻለሁ። አሁን ይቀመጡና ስለ አንገቱ ይንገሩኝ።»

አቶ መዝገቡ ላንቻ የተመለሱት መሬት ሳይረግጡ ነው ማለት ይቻላል። ወይዘሮ አምሳለ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስልክ ይነጋገራሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለምንዳዬ ስንቴ እንደደወሉ እሳቸውም አያውቁት።

«ሰጡን!» አሉ አቶ መዝገቡ። «የናኦድ አጎት ደግሞ ለራሱ ልጅ ሽማግሌ ሁንልኝ ብሎኛል።»

ወይዘሮ አምሳለ ስልኩን ሳይዘጉ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ጉንጭ ዳሰሱ።

«ሂድ። ግን ተላጭተህ ሂድ» አሉ። «ያለኝ አንድ ወንድም ነው።»